አረጋዊ አባትን በመጦሪያ ማዕከል በየዕለቱ መጠየቅ፦ የቤተሰብ ድርሻ ከማዕከሉ በር በኋላም ይቀጥላል

በአገራችን አረጋዊ ወላጅ የሚጦረው በልጆቹ ቤት፣ በልጅ ልጆቹ መካከል ነው። «ጧሪና ቀባሪ» የሚለው አነጋገር ራሱ ሁለቱንም ኃላፊነት አጣምሮ ለልጅ የሚሰጥ ነው። ስለሆነም የመጦሪያ ማዕከል ሲነሣ በብዙዎች አእምሮ የሚመጣው ዘመድ ያጣ ሰው የሚጠለልበት ስፍራ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልም በሕዝብ ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ደጋፊ ያጡ ወገኖችን ከጎዳና በማንሣት ነው። ይሁን እንጂ ልጆች እያሏቸው በማዕከል የሚኖሩ አባቶችም አሉ። ልጅ ቀኑን ሙሉ ሥራ ውሎ የሚገባው ወደ አንዲት የኪራይ ክፍል ሊሆን ይችላል። አባት ደግሞ በስትሮክ ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው፣ ወይም በመርሳት ሕመም ምክንያት ሌሊት ተነሥተው በር ከፍተው የሚወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን አባት ብቻቸውን ቤት ቆልፎባቸው ከመሄድ ይልቅ ቀንና ሌሊት ሰው ወደማይለይበት ስፍራ መውሰድ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ውሳኔው ግን ብዙውን ጊዜ ከኀፍረት ጋር ይመጣል። ጎረቤት «አባቱን ጣለ» ማለቱ አይቀርም፤ ዘመድም በለቅሶ ቤትና በሠርግ ላይ ስለ አባት ሲጠይቅ ልጅ መልስ ያጣል። ኀፍረቱ እየከበደ ሲሄድ ልጁ ጉዳዩን መደበቅ ይጀምራል፣ ወደ ማዕከሉ የሚሄድበትም ቀን እየራቀ ይሄዳል። መጀመሪያ በየሳምንቱ፣ ቀጥሎ በየወሩ፣ በመጨረሻም በበዓል ብቻ ይሆናል። በሰው ፊት ላለማፈር ሲባል የሚጎዱት ያው አባት ናቸው። ሊታረም የሚገባው አስተሳሰብም ይኸው ነው፤ አባትን ወደ ማዕከል ማስገባት መጣል አይደለም፣ አስገብቶ መቅረት ግን ወደ መጣል ይቀርባል።

ሕጉም ቢሆን የልጅ ግዴታ በማዕከሉ በር ላይ ያበቃል አይልም። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ወላጆችና ልጆች ቀለብ የመስጠት የጋራ ግዴታ እንዳለባቸው የደነገገ ሲሆን፣ ቀለብ ሲባልም ምግብን ብቻ ሳይሆን መጠለያን፣ ልብስንና ጤናን ያጠቃልላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 በበኩሉ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል። በየዕለቱ ሄዶ ከአባት አጠገብ መቀመጥን ግን አዋጅ ሊያዝዘው አይችልም፤ ይህ ለልጅ ኅሊና የተተወ ነው።

የዕለት ጥየቃ ከአክብሮትም በላይ ነው፣ የእንክብካቤው አንድ ክፍል ነው። ተንከባካቢዎች በፈረቃ ይለዋወጣሉ፣ አንዱም ሠራተኛ ብዙ ሰዎችን ይይዛል። የዛሬውን ሁኔታ ከትናንቱ፣ የዘንድሮውንም ከሠላሳ ዓመት በፊቱ ጋር ማነጻጸር የሚችለው ግን ልጅ ነው። አባቱ ምግብ የሚተዉት ሲከፋቸው እንደሆነ፣ ወይም ሕመም ሲሰማቸው ዝም እንደሚሉ የሚያውቀው እርሱ ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው የውኃ ጥም ስሜቱ ስለሚቀንስ ሳይጠጣ ሊውል ይችላል፤ የከንፈር መድረቅና የሽንት መጥቆር ይህንን ይጠቁማሉ። ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም የጣት ቀለበት ሲላላ ክብደት እየቀነሰ ነው ማለት ነው። ከአልጋ የማይነሡ አባት ተረከዛቸው፣ ዳሌያቸውና የጀርባቸው ታችኛ ክፍል መታየት አለበት፤ በእነዚህ ቦታዎች የሚታይ መቅላት ሳይገላበጡ ረጅም ሰዓት በመተኛት የሚመጣ ቁስል መነሻ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ድንገተኛ የአእምሮ መለዋወጥ ነው። ትናንት ሲጫወቱ የነበሩ አባት ዛሬ ሰው መለየት ካቃታቸው፣ ከተቃዡ ወይም ያለ ወትሯቸው በእንቅልፍ ከተዋጡ፣ ነገሩ «እርጅና ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። የሽንት ቧንቧ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውኃ እጥረት፣ አዲስ የታዘዘ መድኃኒት ወይም ማንም ያላየው መውደቅ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚመጣ ጠያቂ ለውጡ በየትኛው ቀን እንደጀመረ መናገር አይችልም፤ ለሐኪሙ ደግሞ ይህ ትልቅ መረጃ ነው።

ያዩትን ለሠራተኞች መንገርም የራሱ ሥርዓት አለው። በአባት አልጋ አጠገብ ቆሞ፣ እሳቸው እንዳልሰሙ ቆጥሮ፣ ስለ ገላቸውና ስለ ሽንታቸው ጮክ ብሎ መነጋገር ክብራቸውን ይነካል። የፈረቃውን ኃላፊ ለብቻ ጠርቶ በትሕትና ማስረዳት፣ ቀኑንና የታየውን ነገር መዝግቦ መያዝ የተሻለ ውጤት ያመጣል። ሠራተኛውን ማመስገንም ሊዘነጋ አይገባም፣ ሥራው ከባድ ነው። ሆኖም ምክንያቱ ያልተገለጸ ሰንበር፣ በአንድ የተወሰነ ሠራተኛ ፊት የሚታይ ፍርሃት ወይም ተደጋግሞ የሚገኝ ንጽሕና የጎደለው አልጋ ካለ፣ ጉዳዩን ለማዕከሉ አስተዳደር ማቅረብ ያስፈልጋል። መፍትሔ ካልተገኘ ማኅበራዊ ጉዳዮችን ወደሚከታተለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ድርጊቱ ወንጀል ከሆነም ሳይዘገይ ወደ ፖሊስ መሄድ ተገቢ ነው።

ስለ ጥየቃው ሰዓት ብዙዎች የሚጨነቁት ያለ ምክንያት ነው። በየዕለቱ በተመሳሳይ ሰዓት የሚደረግ የግማሽ ሰዓት ጥየቃ፣ በወር አንድ ጊዜ ከሚደረግ የግማሽ ቀን ቆይታ ይልቅ ለአባት ያጽናናል፤ ቀናቸው የሚጠብቁት ነገር ያገኛልና። የመርሳት ሕመም ያለባቸው ብዙ ሰዎች ወደ ማታ ሲሆን ይበልጥ ስለሚረበሹ፣ ለእነርሱ ረፋድ ላይ መምጣት ይመረጣል። ጆሯቸው ለደከመ አባት መጮኽ አይጠቅምም፤ ፊት ለፊት፣ ብርሃን ባለበት ተቀምጦ ቃላቱን ለይቶ በዝግታ መናገር ይረዳል። «በሉ? ተኙ? ወሰዱ?» እያሉ በጥያቄ ከማጣደፍ ይልቅ የዕድሩን ወሬ፣ የተዳረውን የወንድም ልጅ፣ የዘንድሮውን ክረምት ማንሣት ይሻላል። ምክርም ሊጠየቁ ይገባል። የአጥር ድንበርን ወይም የልጅ ልጅን ትምህርት በተመለከተ አስተያየታቸው የሚጠየቅ አባት፣ አልጋ ላይ ሆነውም አባት ናቸው። ቁልፋቸውን ራሳቸው መቆለፍ ከቻሉ ጊዜ ቢወስድም መጠበቅ እንጂ ቀድሞ መቆለፍ አያስፈልግም። ጠያቂው ሲነሣም ሳይመረቅ መውጣት የለበትም፤ ለእሳቸው በእጃቸው የቀረ ስጦታ ይህ ነው።

ጠያቂን ሁሉ የሚያስጨንቀው «ወደ ቤቴ ውሰደኝ» የሚለው ቃል ነው። «ነገ እወስድዎታለሁ» የሚል የማይፈጸም ተስፋ ለጊዜው ያረጋጋል፣ ነገር ግን አእምሯቸው የሚያስታውስ ከሆነ እምነትን ያፈርሳል። የመርሳት ሕመም ያለባቸው አባት የሚሉት ቤት ብዙ ጊዜ በልጅነታቸው ያደጉበት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከመከራከር ይልቅ ስለዚያ ቤት፣ ስለ ግቢው፣ ስለ እናታቸው እንዲያወጉ መጋበዝ ያሳርፋቸዋል። አእምሯቸው ሙሉ የሆነ አባት ሲሉት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው የአረጋውያን መርሆዎች፣ በማዕከል የሚኖር አረጋዊ ክብሩ፣ እምነቱና ግላዊነቱ እንዲጠበቅለት፣ ስለ እንክብካቤውም ራሱ የመወሰን መብቱ እንዲከበርለት ያሳስባሉ። ስለሆነም ጥያቄው በቤተሰብ ጉባኤ፣ እሳቸው ባሉበት፣ በቁም ነገር ሊታይ ይገባል። ምናልባት ሙሉ በሙሉ መመለስ ባይቻል እንኳ ለፋሲካ ወይም ለዒድ አንድ ቀን ቤት ማዋል ይቻል ይሆናል።

ከቤት የሚወሰድ ምግብ ለሠራተኞች ሳይነገር መሰጠት የለበትም፤ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለባቸው፣ ለመዋጥም የሚቸገሩ አሉና። ጉንፋን የያዘው ጠያቂ እስኪሻለው በስልክ ቢጠይቅ ሌሎቹንም ይጠብቃል።

በብዙ ቤተሰብ የዕለቱ ጥየቃ የሚወድቀው በአንድ ልጅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሴት ልጅ ላይ ነው። ሌሎቹ ገንዘብ በመላክ ድርሻቸውን የተወጡ ይመስላቸዋል። ቀኖቹን መከፋፈል፣ በውጭ አገር ያሉትም ጠያቂዋ በምትገኝበት ሰዓት በቪዲዮ እንዲደውሉ ማድረግ ሸክሙን ያቀልላል። ጠያቂው መምጣት የማይችልበት ቀን ሲያጋጥም ደግሞ አስቀድሞ ለተንከባካቢው ስልክ መደወል ያስፈልጋል፤ አባት ልጃቸው በሚመጣበት ሰዓት በሩን እያዩ እንዳይቀመጡ ማን እንደሚመጣና መቼ እንደሚመጣ ሊነገራቸው ይገባል።