እንግዳው ኮምፒዩተር በአስተናጋጁ በኩል ኢንተርኔት እንዲያገኝ ምን እናድርግ?



ባለፈው ወር በኮምፒዩተር ክፍላችን አንድ የሚያሳዝን ነገር ደረሰ። ተማሪዎቻችን ከየኪሳቸው አዋጥተው የገዙት 2 ጊጋባይት የኢንተርኔት ባንድል ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ አለቀ። አንድም ተማሪ ትምህርቱን ሳይከፍት ሁሉም ወደየቤቱ ተመለሰ። ጥፋቱ የእኛ የአስተማሪዎቹ ነበር። ሌላው ሰው በእኛ እንዲማር በማለት ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ይህን ጽፈናል።

ቨርቹዋል ማሽን ምንድን ነው?

ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም የሚፈጠር ሌላ ኮምፒዩተር ነው። ዋናውን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ ያለውን ደግሞ እንግዳ እንበላቸው። እኛ የምንሠራበት ቨርቹዋልቦክስ በነፃ የሚገኝ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ተማሪው ሲለማመድ ቢያበላሽ የሚበላሸው እንግዳው ብቻ ነው። ያለችን አንዲት ላፕቶፕ ደህና ትሆናለች።

እንግዳው እንዴት ይገናኛል?

በካምፕ የኖረ ሰው የፖስታን ነገር ያውቃል። የራሱ ሣጥን የሌለው ሰው ደብዳቤው በሌላ ሰው ወይም በድርጅት ሣጥን በኩል ይመጣለታል። ላኪው የሚያየው የሣጥኑን ቁጥር ብቻ ነው። ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው ግን ደብዳቤው የማን እንደሆነ ለይቶ ለባለቤቱ ያደርሳል። «ናት» የሚባለው ዘዴም እንዲሁ ነው። (ናት ስንል የአማርኛውን «እሷ ናት» ማለታችን አይደለም!) እንግዳው የሚልከው ሁሉ በአስተናጋጁ አድራሻ ይወጣል፤ መልሱም በአስተናጋጁ በኩል ይመለስለታል። ከውጭ ያለ ሰው እንግዳውን በቀጥታ ሊያገኘው አይችልም።

ሁለተኛው ዘዴ «ብሪጅድ» ይባላል። በዚህኛው እንግዳው የራሱን ሣጥን እንደተከራየ ሰው ይሆናል፤ ከኔትዎርኩ የራሱን አድራሻ ይጠይቃል። ነገር ግን በብዙ ዋይፋይ ላይ አይሠራም፤ ለአንድ ዕቃ አንድ አድራሻ ብቻ በሚሰጥ ሞደምም ላይ ያስቸግራል። ስለዚህ ለእኛ የሚሻለው ናት ነው።

ቅደም ተከተሉ

1. በመጀመሪያ አስተናጋጁ ራሱ ኢንተርኔት ማግኘቱን አረጋግጡ። አስተናጋጁ ያላገኘውን እንግዳው አያገኝም።

2. እንግዳውን ዝጉ። በቨርቹዋልቦክስ «ሴቲንግስ»፣ ቀጥሎ «ኔትዎርክ»፣ ከዚያ «አዳፕተር 1» ውስጥ ግቡ። «ኢኔብል ኔትዎርክ አዳፕተር» የሚለው ላይ ምልክት ይኑር፤ «አታችድ ቱ» በሚለው ፊት ናትን ምረጡ። «ኬብል ኮኔክትድ» የሚለውም ምልክት ይኑረው።

3. እንግዳውን ክፈቱ። አድራሻውን በራሱ እንዲቀበል ተዉት፤ በእጃችሁ አትጻፉለት። ብዙውን ጊዜ 10.0.2.15 የሚባል አድራሻ ይደርሰዋል።

እምቢ ካለስ?

በእንግዳው ላይ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ ፈትሹ። መጀመሪያ 10.0.2.2ን ጥሩ፤ ይህ በር ጠባቂው ነው። ካልመለሰ ችግሩ በተራ ቁጥር 2 ወይም 3 ላይ ነው። ከመለሰ 8.8.8.8ን ጥሩ። ይህ ካልመለሰ ወደ አስተናጋጁ ግንኙነት ተመለሱ። ይህም መልሶ ሳለ ድረ ገጾች በስማቸው አልከፈት ካሉ፣ የጎደለው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው። ያን ጊዜ በእንግዳው የዲኤንኤስ ቦታ 8.8.8.8 ብላችሁ ጻፉ።

ባንድላችን የት ገባ?

አሁን ወደ ጥፋታችን እንመለስ። በአስተናጋጁ ላይ ኢንተርኔቱ በልክ የሚከፈልበት መሆኑን አስታውቀን ነበር፤ ስለዚህ አፕዴት አያወርድም። እንግዳው ግን ይህን አያውቅም። የሚታየው ተራ የገመድ ግንኙነት ብቻ ነው፤ ስለዚህ ያለምንም ስስት አፕዴቱን ማውረድ ጀመረ። እንግዳ የሚበላው ከአስተናጋጁ ጓዳ ነውና ወጪው የእኛ ሆነ።

መፍትሔው ቀላል ነው። እንግዳው ዊንዶውስ ከሆነ እንደተገናኘ ወዲያውኑ በእሱም ላይ ግንኙነቱን «ሚተርድ» አድርጉት፤ ሊኑክስ ከሆነ በራሱ የሚያወርደውን አፕዴት አጥፉ። ኢንተርኔት በማያስፈልግበት ጊዜ ደግሞ «ኬብል ኮኔክትድ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሱ፤ ይህ ገመዱን እንደ መንቀል ነው።

እኛ ይህን ካደረግን ወዲህ አንዱ ባንድል ለክፍሉ በሙሉ ሲበቃ አይተናል። ያለፈው ገንዘብ አይመለስም፤ የሚመጣውን ግን በጥንቃቄ እንጠብቅ። ጥያቄ ያላችሁ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍላችን ብቅ በሉ፤ አብረን እንሞክራለን።