ሳጥኑ የኩባንያ፣ ስሌቱ የሁሉም

በ1990ዎቹ አጋማሽ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለትምህርት ቤቶች የኔትወርክ መሣሪያ ያቀርብ ነበር። መሣሪያው ይተከላል፣ ሥራ ይጀምራል፣ ከዚያ አንድ ቀን ይቆማል። ትምህርት ቤቶቹ ባለሙያ የሚቀጥሩበት ገንዘብ ስላልነበራቸው ስልክ የሚደውሉት ወደ ሻጩ ነው። ጆርጅ ዋርድ የሚባል የኩባንያው መሐንዲስ መላ ሲፈልግ በመጀመሪያ መምህራኑን፣ ቀጥሎም ተማሪዎቹን ማሠልጠን ጀመረ። ልጆቹ የራሳቸውን ትምህርት ቤት ኔትወርክ መጠገን ቻሉ። የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የተወለደው ከዚህ ራስ ምታት ነው። በ1997 በ64 የትምህርት ተቋማት ሥራ ጀመረ፤ በ25ኛ ዓመቱ በ2022 ደግሞ ኩባንያው በፕሮግራሙ የተማሩት ከ17 ሚሊዮን ተኩል በላይ መድረሳቸውን አስታወቀ።

ይህን ያነሳሁት የቴክኖሎጂ ኩባንያና ዩኒቨርሲቲ የመግባቢያ ሰነድ ሲፈራረሙ መድረኩ ላይ የሚሰማው ቃል ሁሉ ስለ ልግስና ስለሆነ ነው። ልግስናው የለም አልልም። ነገር ግን ኩባንያው የራሱ ስሌት አለው፤ ስሌቱን ማወቅም አያስከፋም። አይቢኤም በ1950ዎቹ ሞዴል 650 የተባለውን ኮምፒውተር ለዩኒቨርሲቲዎች እስከ 60 በመቶ በሚደርስ ቅናሽ ይሰጥ ነበር። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ ተቋሙ በመረጃ ማቀነባበርና በሳይንሳዊ ስሌት ላይ ኮርስ መክፈት አለበት። በዚያ ማሽን የተማረ ወጣት ተመርቆ መሥሪያ ቤት ሲገባ የትኛውን ኩባንያ ኮምፒውተር እንዲገዙ እንደሚመክር መገመት አይከብድም። ክሊቭላንድ በሚገኘው የኬዝ ኢንስቲትዩት በአንዱ 650 ላይ ፕሮግራም መጻፍ የተማረ ዶናልድ ክኑዝ የሚባል ተማሪ ነበር፤ በኋላ የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት ከሚባሉት መጻሕፍት አንዱን ሲያሳትም መታሰቢያነቱን ለዚያ ማሽን ሰጠ። አይቢኤም ያን ያህል ማስታወቂያ በገንዘብ ሊገዛ አይችልም ነበር።

ውለታው ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይፈስም። ሲስኮን በ1984 የመሠረቱት ሊዮናርድ ቦሳክና ሳንዲ ለርነር የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ራውተራቸው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በተሠራ ሶፍትዌርና ሃርድዌር ላይ የቆመ ነበር፤ ጉዳዩ ጥቂት ካወዛገበ በኋላ ስታንፎርድ በ1987 ፈቃዱን በክፍያ ሰጣቸው። ዛሬ ለዩኒቨርሲቲዎች ሥልጠና የሚሰጠው ኩባንያ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው ማለት ነው።

እንግዲህ ጥያቄው ኩባንያው ምን ያገኛል የሚለው አይደለም፤ ያገኛል። ተማሪው ምን ይዞ ይወጣል? ይህን ለመመለስ ራውተር ሆድ ውስጥ ገባ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ራውተር የመረጃ እሽጎችን፣ ፓኬት የምንላቸውን፣ ከአንድ ኔትወርክ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ መሣሪያ ነው። ዋና ሥራው የመንገድ ምርጫ ነው። እንበልና ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር የሚወስድ ቀጥተኛ መስመር አለ፤ የመስመሩ ዋጋ፣ ማለትም ራውተሩ የሚያወዳድርበት ቁጥር፣ 10 ነው። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 3፣ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር ደግሞ 4 የሆነ ሌላ መስመርም አለ። ራውተሩ ሁለቱን ይደምርና 7 ከ10 እንደሚያንስ አይቶ ፓኬቱን በደብረ ማርቆስ በኩል ይልከዋል። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር መስመር ቢቆረጥ ወሬው ለሁሉም ራውተሮች ይዳረሳል፤ እያንዳንዱም ካርታውን አስተካክሎ እንደገና ያሰላል፣ ቀጥተኛውን መስመር ይመርጣል። ሦስት ከተማ ላይ በጣት ቆጥሮ መጨረስ ይቻላል። ሦስት መቶ ራውተር ሲሆን ግን ስልተ ቀመር ያስፈልጋል።

ስልተ ቀመሩ ከኢንተርኔት በፊት የነበረ ነው። ኔዘርላንዳዊው ኤድስገር ዳይክስትራ በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ወጥተው ሲደክማቸው አንድ ካፌ ቁጭ አሉ፤ ቡና እየጠጡ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ፣ በ20 ደቂቃ ያህል አሰበው። ይሠራበት በነበረው የምርምር ማዕከል የተሠራውን አዲስ ኮምፒውተር ለሕዝብ ለማሳየት የሚረዳ ምሳሌ ነበር የፈለገው፦ በ64 የኔዘርላንድ ከተሞች ካርታ ላይ በሁለት ከተሞች መካከል አጭሩን መንገድ ማግኘት። በ1959 ታተመ። ዛሬ ኦኤስፒኤፍ በተባለው፣ የማንም ኩባንያ ንብረት ባልሆነው የራውተሮች የጋራ ደንብ ውስጥ የሚሠራው ይኸው ስሌት ነው። የሲስኮ ራውተርም ሆነ የቻይናው ኩባንያ የሁዋዌ ራውተር በዚህ ደንብ መንገድ ሲመርጥ የዳይክስትራን ስሌት ያሰላል።

ልዩነቱ በውጭ ነው። የመንገድ ዝርዝሩን ለማየት ሲስኮ ላይ የሚጻፈው ትእዛዝ በ«ሾው» ይጀምራል፣ ሁዋዌ ላይ በ«ዲስፕሌይ»። ወደ ማስተካከያው መግቢያ በሩም የተለያየ ነው። ተማሪው ትእዛዞቹን ብቻ ሸምድዶ ከሆነ አንዱን ኩባንያ ትቶ ወደ ሌላው ሲሄድ እንደ ጀማሪ ይሆናል። ስሌቱን የተረዳው ግን ለጥቂት ቀናት መመሪያ ካገላበጠ በኋላ ወደ ሥራው ይገባል።

ሽምደዳው የት ላይ እንደሚያጋልጥ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ የኔትወርክ ሰዎች በደንብ ያውቁታል። በሲስኮ የተለመደው ሶፍትዌር፣ ማንም ካልነካካው በስተቀር፣ የመስመርን ዋጋ የሚያወጣው 100 ሜጋ ቢትን ለመስመሩ ፍጥነት በማካፈል ነው። የ10 ሜጋ መስመር ዋጋው 10፣ የ100 ሜጋው 1 ይሆናል። የ10 ጊጋ መስመርስ? ውጤቱ ከ1 በታች ነው፤ ራውተሩ ግን ከ1 በታች ዋጋ ስለማያውቅ 1 ብሎ ይመዘግበዋል። መቶ እጥፍ የሚበልጠው መስመር ከ100 ሜጋው እኩል ሆነ ማለት ነው። ቀመሩ የተቀመጠው 100 ሜጋ ፈጣን በነበረበት ዘመን ነውና አይፈረድበትም። ነገር ግን ኔትወርኩ የሚንቀራፈፈው ምንም ነገር ሳይበላሽ፣ ምንም የስህተት መልእክት ሳይወጣ ነው። ትእዛዝ ብቻ የሚያውቅ ባለሙያ ገመድ ሲቀያይር ይውላል፤ ዋጋው ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው በአንድ መስመር ትእዛዝ ያስተካክለዋል።

ኩባንያዎቹ ለትምህርት ካበረከቱት ሁሉ ትልቁ የምለው ራውተር አይደለም፤ ፓኬት ትሬሰር ነው። ሲስኮ ለአካዳሚው ተማሪዎች በነፃ የሚሰጠው ይህ አስመሳይ ሶፍትዌር አንድ ላፕቶፕ ላይ ብዙ ራውተሮችን አስቀምጦ ማገናኘት፣ ማበላሸት፣ እንደገና መገንባት ያስችላል። ፓኬቱ ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲሄድ እያስቆሙ ማየት ይቻላል። እውነተኛ ራውተር ላይ የሚሠራ ተማሪ መሣሪያውን እንዳያበላሽ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እዚህ ግን ስህተት ዋጋ አያስከፍልም፣ ስለዚህ ደጋግሞ ይሞክራል።

መደጋገሙ ለምን እንደሚጠቅም የሥነ ልቦና ጥናት ይነግረናል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ በአራት ክፍለ ጊዜ አነበቡ፤ ሌሎቹ በአንዱ ክፍለ ጊዜ ብቻ አንብበው በሦስቱ ጽሑፉን ሳያዩ በቃላቸው አስታውሰው ጻፉት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን አንባቢዎቹ ያስታወሱት 40 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶ ገደማ አስታወሱ። የተበላሸ ኔትወርክ ፊት ተቀምጦ «አሁን ምን ነበር የማደርገው?» ማለት ራስን መፈተን ነው። በስላይድ የሚሰጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ከሚያነቡት ወገን ይመደባል፤ ሰርተፍኬቱ ቢያምርም።

ፓኬት ትሬሰር የማያሳየውም አለ። አቧራ የለውም፣ በደንብ ያልተጨመቀ የኬብል ጫፍ የለውም፣ መብራት አይጠፋበትም። በአገራችን ኔትወርክ የሚሠራ ሰው ጊዜው የሚያልቀው ደግሞ እነዚህ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ከመጣን፣ የሲስኮም የሁዋዌም አካዳሚዎች በዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም በተለያየ ስሙ ኔትወርኩን ያስፋፋው በ2006 ከሌላው የቻይና ኩባንያ ከዜድቲኢ ጋር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር ባደረጋቸው ትልልቅ ውሎች ነው። አንድ ምሩቅ በሲስኮ ተምሮ ሁዋዌ ላይ ቢቀጠር የሚገርም አይሆንም ማለት ነው። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ አንዱን ኩባንያ ብቻ አስገብቶ ሥርዓተ ትምህርቱን ለእሱ ማስረከብ የለበትም የምለው። የኩባንያ ሰርተፍኬት፣ ለምሳሌ የሲስኮው ሲሲኤንኤ፣ በሦስት ዓመት ጊዜው ያልፋል፤ መታደስ አለበት። የዳይክስትራ ስሌት ከታተመ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ገና አልታደሰም።

ከዚህ ለየት ያለ መንገድ የያዘ በአገራችን የጀመረ ፕሮግራም አለ። ኤቱኤስቪ ይባላል፤ ከጉግል ድጋፍ አግኝቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሚያሠለጥነው በማንም ኩባንያ ምርት ሳይሆን በዳታ ስትራክቸርና በስልተ ቀመር ነው፤ ችግር እየተሰጣቸው ይፈታሉ፣ እንደገና ይሰጣቸዋል። ከማስተማር ዘዴ አንፃር ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው ያረፈው። የሥልጠናው ግብ ግን ለዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የቅጥር ፈተና ማዘጋጀት ስለሆነ፣ ጎበዙ ልጅ የት ይቀራል የሚለው ጥያቄ አብሮት ይሄዳል። እኔ ይህን ጥያቄ በተማሪው ላይ ማዞር ትክክል አይመስለኝም፤ አገር ውስጥ ያለው ቀጣሪ ቢመልሰው ይሻላል።

በስምምነቶቹ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው መምህሩ ነው። ኩባንያው መምህሩን አሠልጥኖ ሰርተፍኬት ሲሰጠው፣ ባንክ ወይም ቴሌኮም ቤት ደግሞ በተሻለ ደሞዝ ይጠራዋል። ቤተ ሙከራው ቁልፉ ተቆልፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ሰነዱ ሲፈረም ከመሣሪያው ብዛት በፊት መጠየቅ ያለበት ስንት መምህራን እንደሚሠለጥኑ፣ አንዱ ሲሄድ ማን እንደሚተካውና መሣሪያው ሲበላሽ መለዋወጫው ከማን በጀት እንደሚወጣ ነው።

ሰነድ የሌለው የትምህርት ክፍልም እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ሁለት የኔትወርክ ካርድ የገባለት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊነክስና ኤፍአርአር የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር መጫን ይቻላል፤ ኦኤስፒኤፍን ይናገራል፣ ከሲስኮም ከሁዋዌም ጋር ይግባባል። ከየትም የተገኘ አንድ የሲስኮ ራውተር፣ አንድ የሁዋዌና ይህን ዴስክቶፕ በሦስት ማዕዘን ያገናኟቸው። የእያንዳንዱን መስመር ዋጋ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። ከዚያ መምህሩ አንዱን ገመድ ከመንቀሉ በፊት ተማሪዎቹ አዲሱን መንገድ በወረቀት አስልተው ያስረክቡ፤ ገመዱ ሲነቀል ሦስቱ ማሽኖች የሚያወጡትን መልስ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩ።