አኻያም ድንክ አለው

እንደሚታወቀው አኻያ በአገራችን ወንዝ ዳር የሚበቅል ዛፍ ነው። የባቢሎን ምርኮኞች የዜማ ዕቃቸውን የሰቀሉት በአኻያ ላይ መሆኑን መዝሙረ ዳዊት ስለሚነግረን፣ የስደተኛና የአኻያ ትውውቅ የቆየ ነው።

በምንኖርበት በብሪታንያ ደግሞ ቁመቱ ከአንድ ጣት የማይበልጥ አኻያ አለ። ግንዱ አፈር ውስጥ ይሳባል፤ ከላይ የሚታዩት ጥቂት ክብ ቅጠሎች ብቻ ናቸው። ስዊድናዊው የእጽዋት ሊቅ ሊኔየስ ከዛፎች ሁሉ ትንሹ ብሎታል። ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ ይበቅላሉ፤ ዘሩንም እንደ ጥጥ ነፋስ ይወስደዋል።

መኖሪያው የስኮትላንድና የዌልስ ተራሮች አናት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ረጅሙ ቤን ኔቪስ 1,345 ሜትር ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ በብዙ ዝቅ ይላል። ይሁን እንጂ ነፋሱና የክረምቱ ርዝመት ዛፍን ያደቅቃል። ድንኩ አኻያ የሚተርፈው መሬት ላይ ተለጥፎ፣ በረዶውን እንደ ጋቢ ለብሶ ነው።

የእኛው የስሜን ተራራ ጅብራ ግን ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል። ምክንያቱም በስሜን ቀኑ በጋ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ለወራት የሚዘልቅ በረዶ የለም። ስለዚህ ጅብራ ማታ ማታ ቅጠሎቹን አጥፎ ለጋውን ይሸፍናል። ብርዱ አንድ፣ መላው ሁለት መሆኑ ነው።

ቀድሞ ድንክ አኻያ ለለንደንም ባዳ አልነበረም። በሰሜን ለንደን ፖንደርስ ኤንድ አጠገብ፣ በሊ ወንዝ ሸለቆ ጠጠር ሲቆፈር፣ በበረዶው ዘመን የነበሩ የብርድ አገር ተክሎች ቅሪት ተገኝቷል፤ ይህም በ1912 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ ቀርቧል። አየሩ ሲሞቅ እነዚያ ተክሎች ወደ ሰሜንና ወደ ተራራው ሸሹ።

ዛሬ ግን ችግሩ ሌላ ነው። ዓለም ስትሞቅ ተክል ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአናቱ በኋላ ግን መሄጃ የለም። በረዶው ቀድሞ ሲቀልጥም ድንኩ አኻያ ጋቢው ተገፎ የፀደዩ ውርጭ ያገኘዋል። የስሜኑም ከዚህ አይሻልም። ፓርኩ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ቢመዘገብም፣ እርሻና ግጦሽ አጥብበውት ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. የተነሣው እሳትም አስታውንና ጓሳውን በልቷል።

ውድ አንባቢያን፣ በለንደን ኪው የእጽዋት ገነት ከ1882 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተራራ ተክሎች የሚታዩበት የድንጋይ አትክልት ሥፍራ አለ። እዚህ ተወልደው ስሜንን ላላዩ ልጆቻችን ስለ ደጋው ለማውጋት የተመቸ ቦታ ነው።