የገጠሩ ሐኪም አመራርን የት ይማራል?

አዲስ የተመረቀ ጠቅላላ ሐኪም ሩቅ ወረዳ ወዳለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሲመደብ፣ ገና ሥራውን ሳይለምድ የሜዲካል ዳይሬክተርነት ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት እንዲህ ያለው ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው፤ በዙሪያው ያሉት ጤና ጣቢያዎችም ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሕመምተኛ የሚልኩት ወደዚያው ነው። ጠዋት ተኝተው የሚታከሙትን ዞሮ ያየን ሐኪም፣ ከሰዓት የጄኔሬተር ነዳጅ፣ ያለቀ ኦክስጅንና የዘገየ የዱቲ ክፍያ ይጠብቁታል።

ሕክምና ትምህርት ቤት ምጥ የጠናባትን እናት እንዴት እንደሚረዳ አስተምሮታል። በጀት ተሟግቶ ማምጣትን፣ የተኳረፉ ባልደረቦችን ማስማማትን ግን በአብዛኛው ሥራው ላይ ነው የሚማረው። በዚያ መሐል ለሚፈጠረው ስሕተት ዋጋ የሚከፍለው ሕመምተኛው ነው።

መልስ ፍለጋው ከተጀመረ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በጎንደር አቅራቢያ ባለችው ደምቢያ የተቀሰቀሰ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከጨረሰ በኋላ፣ በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ሲጀምር ሐኪም አላሠለጠነም። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አንድ ቅጥር ግቢ ውስጥ ተምረው ወደ ገጠር በቡድን እንዲወጡ ነበር የታሰበው፤ ጤና ጣቢያውን የሚመራው ጤና መኮንን የባልደረቦቹን ሙያ ገና ተማሪ ሳለ ያውቀዋል ማለት ነው።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ሐሳብ ለሕክምና ተማሪዎችም አደረሰ። የቡድን ሥልጠና በተባለው ፕሮግራሙ የሕክምና፣ የነርሲንግ፣ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች ለሳምንታት ጤና ጣቢያ ወርደው የአካባቢውን ችግር ያጠናሉ፤ የትኛው እንደሚቀድም ተከራክረው ይወስናሉ። የሆቴል አዳራሽ ውስጥ ከሚሰጥ የሦስት ቀን ሥልጠና ይህ እጅግ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ከየል ዩኒቨርሲቲና ከክሊንተን ፋውንዴሽን ጋር በሆስፒታል አስተዳደር የማስተርስ ትምህርት ጀምሮ፣ በሥራ ላይ ያሉ የሆስፒታል ሥራ አስኪያጆችን ማስተማር ያዘ።

ከኢትዮጵያ ውጭ ብዙ የሚያስተምረው የፊሊፒንስ ልምድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው የአካባቢ አስተዳደር ሕግ የጤና አገልግሎትን ለየአካባቢው አስተዳደር አስረከበ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በገጠር ለረጅም ጊዜ የሠሩት የጤና ሚኒስትር ሁዋን ፍላቪየር፣ ሐኪም ወደሌላቸው ማዘጋጃ ቤቶች ለሁለት ዓመት ሐኪም የሚልክ ፕሮግራም አስጀመሩ። ሆኖም የመድኃኒቱም የአምቡላንሱም ገንዘብ ያለው በከንቲባው እጅ ነው። ከንቲባው ያላመነበትን ሥራ ሐኪሙ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሊያራምደው አይችልም። ዙሊግ ፋሚሊ ፋውንዴሽን የተባለው የአገሪቱ ድርጅት ከንቲባውንና የጤና ኃላፊውን አንድ ላይ ማሠልጠን የያዘው ለዚህ ነው፤ ሁለቱ በገዛ አካባቢያቸው እናቶች ለምን እንደሚሞቱ አብረው ይመረምራሉ። የሆስፒታል ቦርድና የወረዳ አስተዳደር ባሉበት በኢትዮጵያም ሐኪሙን ለብቻው ማሠልጠን ግማሽ ሥራ ነው።

ሌላው የአመራር ፈተና ያለው ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና እየሠለጠኑ በገጠር ሆስፒታሎች ይሠራሉ። አዲሱ ዳይሬክተር በሥልጣን ይበልጣቸው ይሆናል፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ልምድ ግን ብዙ ጊዜ እነሱ ይበልጡታል። አንጋፋዋ አዋላጅም እንዲሁ። አንዲት እናት ስትሞት ጥፋተኛ ከመፈለግ በፊት ባልደረቦቹን ሁሉ ሰብስቦ ሕክምናው የት እንደዘገየ መጠየቅ የሚችል ሐኪም፣ ከሁሉ የሚከብደውን የአመራር ችሎታ ይዟል።

ትልቁ ኪሳራ ደግሞ የሚመጣው ሐኪሙ ሲሄድ ነው። ጥቂት ዓመት አገልግሎ ለስፔሻሊቲ ሲወጣ የቀሰመው ልምድ አብሮት ይወጣል፤ ተተኪውም ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ሥልጠናው ማትሮኗን፣ የፋርማሲ ኃላፊውንና የፋይናንስ ሠራተኛውን ጨምሮ ለመላው የአመራር ቡድን መሰጠት አለበት። ተሰናባቹና አዲሱ ዳይሬክተርም ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አብረው ዱቲ ገብተው፣ አብረው ቦርድ ፊት ቀርበው ሊረካከቡ ይገባል።