ጀማሪው የሒሳብ መምህር ክፍል ሲገባ

የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። ጣት ወደ መምህራን ተቀሰረ። የሒሳብ መምህር ከየት ይምጣ፣ እንዴትስ ይሠልጥን የሚለው ጥያቄ ግን ከዚህ ፈተና እጅግ ይቀድማል።

እ.ኤ.አ. በ1962 የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች የተመደቡት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከመመረቃቸው በፊት ለአንድ ዓመት ወደየጠቅላይ ግዛቱ መላክ ጀመረ፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር። ህንዳውያኑን የሒሳብ መምህራን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ተማሪ ጥቂት ነው። ከ2004 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ ልጁ ጥያቄውን ገልብጦ ሳይጨርስ መልሱ ይታያል፤ የክፍሉ መምህር ዳር ቆሞ ያያል። ሁሉም ክፍተት መሙያ ነበር።

ሥልጠናው ራሱ ሲመላለስ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረው ቴሶ በተባለው ለውጥ የመምህርነት ዲግሪ ወደ ሦስት ዓመት አጠረ፤ ፔዳጎጂና የትምህርት ቤት ልምምድ ሰፊ ቦታ ያዙ። ሒሳቡ ሳሳ የሚል ወቀሳ በረታ። ከዚያ ሚዛኑ ወደ ሌላው ጎን አጋደለ፤ ሠልጣኙ በአፕላይድ ሒሳብ ይመረቅና አንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ የማስተማር ዲፕሎማ (ፒጂዲቲ) ይጨምር ተባለ። ክርክሩ ሁልጊዜ «ሒሳቡ ይብዛ ወይስ ፔዳጎጂው» የሚል ነበር። በእኔ እምነት ትልቁ ነገር በሁለቱ መካከል ወድቆ ቀርቷል።

አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ ጻፈ እንበል። ጀማሪው መምህር «ስህተት ነው» ይልና የጋራ ታህት ፈልጎ 5/6 ብሎ ሰሌዳው ላይ ይሠራል። ልጁ ይገለብጣል፤ በማግስቱ ያንኑ ይደግማል። የበሰለው መምህር ግን «በአንተው መንገድ 1/2 + 1/2 ስንት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። 2/4፤ ማለትም ግማሽ። ግማሽ እንጀራ ላይ ግማሽ ሲጨመር ግማሽ እንጀራ? ልጁ ራሱ ይደነግጣል። ይህን ጥያቄ ለማንሳት ካልኩለስም የትምህርት ሥነ ልቦናም አይበቃም፤ ልጆች የት እንደሚሳሳቱና ለምን እንደሚሳሳቱ ማወቅ ያሻል። አሜሪካዊው ሊ ሹልማን እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ራሱን የቻለ የመምህር ዕውቀት ነው ብሎ ነበር።

ይህ ዕውቀት በብዛት የሚገኘው ክፍል ውስጥ፣ ከነባር መምህር ጎን ነው። በወረቀት ላይማ መንገዱ አለ፤ የሙያ ደረጃው ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል፤ ለአዲሱም አማካሪ ይመደብለታል ይላል። ሆኖም አማካሪው ራሱ በፔሬድ ብዛት ተይዞ የጀማሪውን ክፍል ገብቶ የማያይ ከሆነ ምደባው ስም ብቻ ይሆናል። እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳብን በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ 9ኛ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጀምር ደግሞ ጀማሪው ሁለት ሥራ ይደረብበታል፤ ሒሳቡንም ቋንቋውንም ማስረዳት።

ርዕሰ መምህራን፣ የሒሳብ ዲፓርትመንት ተጠሪዎች፦ ለአዲሱ መምህርም ለአማካሪውም በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ፔሬድ ቀንሱላቸው፤ በተቀነሰው ሰዓትም ነባሩ መምህር የጀማሪው ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ፣ ጀማሪውም የነባሩን ክፍል እንዲያይ ፕሮግራም አውጡ። ይህን ለማድረግ አዲስ ፖሊሲ መጠበቅ አያስፈልግም።