ሳመር የሚገቡ መምህራን

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶ ተማሪው ወደየቤቱ ሲበተን፣ የብዙ መምህራን ትምህርት ገና መጀመሩ ነው። ሐምሌ ሲገባ ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጎንደር፣ ወደ ደሴና ወደ ኮተቤ የሚሄዱ አውቶቡሶች ብርድ ልብሳቸውን በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉ፣ ዳቦ ቆሎ የያዙ ጎልማሶችን ይጭናሉ። መደበኛ ተማሪ ለእረፍት የለቀቀው ዶርም ይሰጣቸዋል። ትናንት ስም ሲጠሩ የነበሩ ሰዎች ሬጅስትራር በር ላይ ተሰልፈው የራሳቸው ስም እስኪጠራ ይጠብቃሉ። መምህሩ «ሳመር ገባሁ» ሲል ይህን ማለቱ ነው።

ዕድሉ የሚመጣው ከላይ ወደ ታች ነው። የክልል ትምህርት ቢሮ በየትምህርት ዓይነቱ ምን ያህል መምህር ደረጃውን ማሻሻል እንዳለበት አይቶ ኮታ ይመድባል፤ ኮታው በዞን በኩል ወረዳ ይደርሳል፤ ወረዳው ማስታወቂያ ይለጥፋል። ከዚያ በኋላ የነጥብ ጉዳይ ነው። የአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል፣ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ይታያል፣ ለሴት መምህራን የድጋፍ ነጥብ ይታከላል። ዕድሉ የደረሰው ውል ይፈርማል። መንግሥት የትምህርቱን ወጪ ይችላል፤ መምህሩም ሲመረቅ ለተወሰኑ ዓመታት ለማገልገል ይገደዳል።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጥበብ መምህሩን ከክፍሉ አለመንጠቁ ነው። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምረው አንድ ሰው ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱን ለሦስትና ለአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መላክ ማለት ሒሳቡን ለሦስትና ለአራት ዓመት መዝጋት ማለት ነው። በክረምት ከተማረ ግን ደመወዙም አይቋረጥም፣ ተማሪዎቹም መስከረም ላይ ያገኙታል። በበጋው ሞጁሉን እያነበበ አሳይመንቱን ይሠራል።

ክፍያው ግን በሌላ በኩል ይመጣል። መደበኛ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር የሚወስደውን ኮርስ የክረምት ተማሪ በሳምንታት መጨረስ አለበት፤ ጠዋት ትምህርት፣ ከሰዓት ትምህርት፣ ማታ ሀንድአውት። እንዲህ እየተደረገ ዲግሪው በዓመታት ይገኛል። ከሁሉ የሚከብደው ለእናቶች ነው። የምታጠባ መምህርት ታናሽ እህቷን ወይም ሞግዚት አስከትላ ትመጣለች። ዶርም ሕፃን አያስገባምና ከግቢው በር አጠገብ አንዲት ክፍል ትከራያለች፤ በእረፍት ሰዓት በዝናብ ሮጣ አጥብታ፣ እርጥብ ነጠላዋን አራግፋ ወደ ክፍል ትመለሳለች። የድጋፍ ነጥቡ እዚህ ድረስ አምጥቷታል፤ የቤት ኪራዩን ግን ማንም አላሰበላትም። የመማሪያ ክፍያን ብቻ የሚሸፍን ስኮላርሺፕ ለእሷ ግማሽ ስኮላርሺፕ ነው።

ይህ ሁሉ ሕዝብ ለምን ተመልሶ ይማራል? መነሻው የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው። ፖሊሲው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ለሚያስተምር ሰርተፍኬት፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ዲፕሎማ፣ ከዚያ በላይ ዲግሪ ጠየቀ። ትምህርት ቤቶች በፍጥነት ሲበዙ ግን የተገኘው መምህር ሁሉ ክፍል ገባ፤ ሰርተፍኬት ያላቸው 7ኛና 8ኛ ክፍል ቆሙ። ቆይቶም ለታችኛው እርከን ራሱ ዲፕሎማ ተፈለገ። በ2001 ዓ.ም. በዓለም ባንክና በለጋሽ አገሮች ድጋፍ የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም የመምህራን ልማትን አንድ ዘርፍ ያደረገው ለዚህ ነው፤ ከሰርተፍኬት ወደ ዲፕሎማ ማሻሻሉ በገንዘቡ ተደግፏል።

ተቀባዮቹ ተቋማት ግን ከዚያ ቀድመው የነበሩ ናቸው። ኮተቤ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ መምህር ያሠለጥናል። ባሕር ዳር ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኔስኮና የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ተስማምተው እ.ኤ.አ. በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚ አቋቋሙ። ሥራው የመምህራን አሠልጣኞችን፣ ሱፐርቫይዘሮችንና የጎልማሶች ትምህርት አደራጆችን ማፍራት ነበር። የዛሬው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው ይህ ተቋምና እዚያው ከተማ የነበረው ፖሊ ቴክኒክ ተዋህደው ነው።

ከአገር ውጭም መምህርን ብቻ ብለው የተዘረጉ ዕድሎች አሉ። ተማሪዎቻችን የሚያውቁትን ወፍራሙን የኦክስፎርድ አድቫንስድ ለርነርስ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የኖረ መምህር ነበር። የመዝገበ ቃላቱ የመጀመሪያ እትም የወጣውም እዚያው ጃፓን፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው። መጽሐፉ ገንዘብ ሲያመጣ እ.ኤ.አ. በ1961 ከገቢው የሚተዳደር ትረስት መሠረተ፤ ትረስቱ ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመረጡ የእንግሊዝኛ መምህራንን እንግሊዝ አገር፣ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተርስ ሲያስተምር ቆይቷል። የጃፓን መንግሥት ደግሞ ቢያንስ አምስት ዓመት ላገለገሉ መምህራን እስከ አንድ ዓመት ተኩል የሚዘልቅ ሥልጠና በስኮላርሺፕ ይሰጣል።

ሁሉም መማር ግን ስኮላርሺፕ አይጠይቅም። ተሙማ፣ ማለትም ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት በትምህርት ቤቱ ውስጥ እንዲማር ያዛል። ባልደረባ ከባልደረባ ክፍል ገብቶ ያያል፣ ይወያያሉ፣ ፖርትፎሊዮ ይሞላል። በደንብ ሲሠራ የሚስተካከለው የለም፤ ቅጽ መሙያ ሲሆን ግን ሰዓቱ በከንቱ ያልፋል።

የክረምቱ ትምህርት ትልቁ ችግር ከምረቃ በኋላ ይመጣል። አንደኛ ክፍል ፊደል ስታስቆጥር የኖረች መምህርት ዲግሪ ስትይዝ ብዙ ጊዜ ወደ ላይኛው ክፍል ትሸጋገራለች፤ ሕፃናቱ ዘንድ ጀማሪ ይመደባል። እንዲህ ከሆነ በሕዝብ ገንዘብ የተገኘው እውቀት ማንበብ የሚጀምረውን ልጅ ዘልሎት ያልፋል፤ ያ ልጅ ደግሞ ጥሩ መምህር የሚያስፈልገው ከማንም በላይ ነው። መፍትሔው ከሚፈረመው ውል ሊጀምር ይችላል። ውሉ ስንት ዓመት እንደምታገለግል ይናገራል፤ የትኛው ክፍል ውስጥ እንደምታገለግል፣ እዚያው ብትቆይ የዲግሪዋ ደመወዝና የደረጃ እድገቷ እንደሚጠበቅላት ግን በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል ለመቅረት የምትመርጥ መምህርት የሚቀርባት ነገር አይኖርም።