ደም የማትጠጣ መዥገር

መዥገር ሲባል ከላም ጡት ሥር ተጣብቃ የምታብጠዋ ናት ወደ አእምሯችን የምትመጣው። እኔም የእንስሳት ሐኪም ነኝና ውሎዬ ከእሷ ጋር ነው። ዛሬ ግን ስለ ዘመዷ፣ ስለ ለስላሳ መዥገር ላውራችሁ።

ይህችኛዋ ጀርባዋ ላይ ጠንካራ ጋሻ የላትም፤ ቆዳዋ የተጨማደደ ሌጦ ይመስላል። አፏ በሆዷ በኩል ስለሆነ ከላይ ሲያዩዋት ጭንቅላት የሌላት ትመስላለች። አብዛኞቹ ጎልማሶች እንደ ላሟ መዥገር ቀናት ሙሉ አይጣበቁም፤ በጨለማ መጥተው፣ በደቂቃዎች ጠጥተው፣ ወደ ስንጥቃቸው ይመለሳሉ። ቀጣዩን ምግብ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይጠብቃሉ።

እኔን የምትገርመኝ ግን በኩባ፣ በሜክሲኮና በብራዚል ሞቃት ዋሻዎች የምትኖረው፣ አንትሪኮላ የተባለችው ለስላሳ መዥገር ናት። ዋሻዎቹን የሚያሞቃቸው ተፋፍገው የሚያድሩት የሌሊት ወፎች ገላ ነው። ወለሉ ኩስ በኩስ ነው። እጯ የሌሊት ወፍ ላይ ወጥታ ደም ትጠጣለች። የጎልማሳዋ የአፍ መውጊያ ግን ጥርስ የለውም፤ እንደ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ቆዳ ለመብሳት አይመችም። ተመራማሪዎች ኩሱን እንደምትመገብ ይገምታሉ። የጾም መዥገር ልበላት?

ሁሉም ግን እንዲህ የዋህ አይደሉም። እኛ አገር ግርሻ የተባለውን፣ ለቀቅ አድርጎ መልሶ የሚይዝ ትኩሳት የምታስተላልፈው የሰውነት ቅማል ናት። በእስራኤል ግን የዚሁ በሽታ ዘመድ የሆነ ትኩሳት ዋሻ ውስጥ ከምትኖር ለስላሳ መዥገር ይመጣል። ንክሻዋ እምብዛም ስለማያም ብዙዎች ልብ አይሉትም። ዋሻ ገብታችሁ ከወጣችሁ በኋላ ትኩሳት ለቀቅ አድርጎ መልሶ ከያዛችሁ፣ ዋሻ መግባታችሁን ለሐኪሙ ንገሩት።